ለማኑዋል ካምቢዮ የትኛው ዘይት ይሻላል? ጂኤል-4፣ ጂኤል-5 እና ሌሎቹ አማራጮች ሲነጻጸሩ

የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ለመቀየር ወደ ሱማሌ ተራ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ነዳጅ ማደያ የሚሄድ ባለመኪና «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ሲል ከመደርደሪያው የሚወርድለት ዕቃ አንድ ወጥ አይደለም። በአንዱ ላይ ጂኤል-4 የሚባለው የዘይት ደረጃ፣ በሌላው ላይ ጂኤል-5፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ውፍረታቸውም 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-140 እየተባለ ይለያያል፤ ዋጋቸውም እንዲሁ ተራርቆ ይገኛል። ሻጩ የሚያቀርበው በእጁ ያለውን ነው፤ መካኒኩም በለመደው ይሄዳል። ብዙ መካኒኮች የለመዱት ደግሞ ለካምቢዮውም፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ለሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም ከአንድ ጀሪካን መቅዳትን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ምርጫ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት አለው። በእጅ ያለው ማኑዋል መኪና ባለቤቱ መጀመሪያ ካሰበው በላይ ብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርበታል፤ ካምቢዮ አውርዶ ሲንክሮናይዘር የሚባለውን፣ ማርሽ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚረዳውን ክፍል ማስቀየር ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ሊትር ዘይት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ወጪ አይደለም። ይህ መመሪያ የየትኛውንም ፋብሪካ ምርት ከሌላው አያስበልጥም። ዘይቶቹን በዓይነታቸው ለይቶ ያነጻጽራል፤ መነሻውም የካምቢዮ ዘይት በ«ጠንካራነቱ» ወይም በውፍረቱ ሳይሆን ለዚያ ካምቢዮ ተስማሚ የሆነ ፍትጊያ በመስጠቱ ይመረጣል የሚለው ሐሳብ ነው። ጽሑፉ የሚመለከተው የቤት መኪናዎችን፣ ፒክአፖችንና ሚኒባሶችን ሲሆን የከባድ ጭነት መኪና ካምቢዮዎች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ አልተካተቱም።

ከዋጋ በፊት የሚታዩ መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት የመኪናው አምራች ያዘዘው ነው። በባለቤት መመሪያው የመጨረሻ ገጾች፣ የዘይትና የፈሳሽ መጠን በሚዘረዘርበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የካምቢዮው ዘይት ደረጃ፣ ውፍረትና መጠን በአንድነት ተቀምጠው ይገኛሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በገባ ያገለገለ መኪና ውስጥ ያለው መጽሐፍ በዐረብኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የደረጃው ምልክትና የውፍረቱ ስያሜ እንደ ወትሮው በላቲን ፊደልና በቁጥር ስለሚታተሙ ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ፈልጎ ማግኘት አያቅተውም። መጽሐፉ ከጠፋ የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና የካምቢዮውን መለያ ኮድ ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ይቻላል። አንድ ሞዴል በተለያየ ዓመት የተለያየ ካምቢዮ ሊገጠምለት ስለሚችል የሞዴሉ ስም ብቻውን በቂ አይሆንም።

ሁለተኛው መስፈርት ዲፈረንሻሉ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ሞተሩ በአግድም ተጭኖ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና፣ ለምሳሌ ያለፉት በርካታ ዓመታት ኮሮላዎች ወይም ሱዙኪ ዲዛየር፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ይጋራሉ። በዚህ ዓይነቱ አሠራር የዲፈረንሻሉ ጥርሶች እንደ ሌሎቹ ማርሾች ሰያፍ ጥርሶች በመሆናቸው የተለየ ዘይት አይጠይቁም። በኋላ ጎማ በሚነዱት፣ በሃይሉክስ፣ በሚኒባስ ታክሲነት በሚሠራው ሃይኤስ ወይም በላዳ ላይ ግን ካምቢዮው መሃል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ከኋላ አክስል ላይ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። የኋለኛው ዲፈረንሻል በአብዛኛው ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ትንሹ ማርሽ ከትልቁ ማርሽ መሃል መስመር ዝቅ ብሎ ስለሚገጠም ጥርሶቹ ከመግፋት በተጨማሪ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ይህ መንሸራተት ከከፍተኛ ጫና ጋር ሲደመር ተራ ዘይትን ከብረቱ ላይ ጠርጎ ያስወግዳል። ጂኤል-5 የተዘጋጀው ለዚህ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መስፈርት ሲንክሮናይዘሩ ነው፤ ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ሲቀይር ሊገባ ያለው ማርሽና ዘንጉ የሚሽከረከሩበት ፍጥነት አንድ አይደለም። በመካከላቸው ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ወይም ከመሰል ቢጫ ብረት የተሠራው ቀለበት በማርሹ ሾጣጣ ገጽ ላይ ተጭኖ በፍትጊያ ኃይል ሁለቱን ፍጥነቶች ያስተካክላል፤ ጥርሶቹ ሳይጋጩ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ ሥራዎች አሉበት፤ የማርሾቹን ጥርስ ከፍትጊያ መጠበቅ አለበት፣ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ግን ፍትጊያውን መፍቀድ አለበት። እጅግ የሚያንሸራትት ወይም ከመጠን በላይ ወፍራም የሆነ ዘይት ሁለተኛውን ሥራ ያበላሻል፤ ቀለበቱ ማርሹን አይዝም፣ ማርሹም እየተፋጨና እየጮኸ ይገባል።

አራተኛው መስፈርት ውፍረቱ ከአየሩና ከመንገዱ ጋር የሚኖረው ስምምነት ነው። በካምቢዮ ዘይት ላይ ያለው ቁጥር በሞተር ዘይት ላይ ካለው ቁጥር ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም። «90» የተባለ የካምቢዮ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ሲሆን «40» የሚባለው የሞተር ዘይት ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። 90 ከ40 በእጥፍ ይወፍራል ብሎ የሚያስብ ሰው ሁለቱ በሙቀት ተቀራራቢ መሆናቸውን ሲያይ ሊደነቅ ይችላል። «140» ግን በእርግጥም ወፍራም ነው፤ በዚያው ሙቀት ከ24 ሴንቲስቶክ ይጀምራል። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ጠባዩን ያመለክታል፤ 75ደብሊው እስከ 40፣ 80ደብሊው እስከ 26፣ 85ደብሊው ደግሞ እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ የተወሰነ የመፍሰስ ችሎታ እንዲይዝ ይጠበቃል። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ሆኖም በብርድ የመፍሰስ ችሎታው የላቀ ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ላይ ሲቆም፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ መቀየሩን እንደሚያቀልለው በእጅ ይታወቃል።

የመጨረሻው መስፈርት የዕቃው ምንጭ ነው። የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ በምሕጻረ ቃሉ ኤፒአይ፣ ለሞተር ዘይት ፈቃድ ሰጥቶ ምልክቱ በዕቃው ላይ እንዲታተም ያደርጋል፤ ጂኤል የሚባሉትን ደረጃዎች ያወጣው እርሱ ቢሆንም ለካምቢዮ ዘይት ግን ተመሳሳይ የፈቃድ ሥርዓት የለውም። በጣሳው ላይ የተጻፈው ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 አምራቹ ራሱ የሰጠው ቃል ነው ማለት ነው። ስለሆነም ከበርሜል በጀሪካን ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ዘይት የቱንም ያህል ቢረክስ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ከምንም ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ጂኤል-4፣ ማዕድናዊ፣ 80ደብሊው-90

ይህ ለአብዛኞቹ በዕድሜ ለገፉ ካምቢዮዎች የታሰበው መሠረታዊ ዘይት ነው። ጥርሶቹን ለመጠበቅ የሚጨመሩበት የድኝና የፎስፈረስ ውሕዶች መጠናቸው መካከለኛ በመሆኑ ሲንክሮናይዘሩ ሥራውን እንዲሠራ ያስችሉታል። በከተማችን ለረጅም ዘመን ያገለገለው ቮልስዋገን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ሆነው የሚይዙት 3 ሊትር፣ በተለመደው ቅያሪ ጊዜ ደግሞ 2.5 ሊትር ያህል ሲሆን የሚመከርለትም ጂኤል-4 ነው።

ጉድለቱ በብርድ ማለዳ መክበዱና ከሲንቴቲክ ዘይት ቀድሞ ማርጀቱ ነው። በሙቀት መደጋገም ውፍረቱንና የተጨመሩበትን ውሕዶች ኃይል ስለሚያጣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚሠራ መኪና ከ40,000 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ቢያስቀይረው ይመረጣል። ይህም ሆኖ ጥቂት ለሚነዳና በጀቱ ለጠበበ ሰው ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርጫ የለም። እንዲያውም በጊዜው የተቀየረ ማዕድናዊ ጂኤል-4 ለዓመታት ከተረሳ ውድ ሲንቴቲክ ዘይት የበለጠ ካምቢዮውን ይጠብቃል።

ጂኤል-4፣ ሲንቴቲክ፣ 75ደብሊው-90 ወይም 75ደብሊው-80

75ደብሊው-90 ሲሞቅ ከቀዳሚው ጋር እኩል የሚወፍር፣ ሲቀዘቅዝ ግን ቶሎ የሚፈስ ዘይት ነው። በየቀኑ ማልደው ለሚነሱ የራይድ አሽከርካሪዎች፣ ከደጋ ወደ ቆላ ለሚመላለሱ መኪናዎችና ቁልቁለት ለሚያዘወትሩ ሰዎች ዋጋውን የሚመልስ ይመስለኛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ አሽከርካሪ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነውን ቁልቁለት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ በሞተር ኃይል እየተያዘ ይወርዳል፤ ይህ ጉዞ የካምቢዮውን ዘይት አግሎ ያቆየዋል፣ ሲንቴቲክ ዘይትም ከማዕድናዊው በግልጽ የሚበልጠው እንዲህ ባለው ሙቀት ላይ ነው።

75ደብሊው-80 የተባለው ቀጭኑ ዓይነት የሚገዛው መመሪያው በስም ሲጠቅሰው ብቻ ነው። በርካታ የቅርብ ጊዜ ትናንሽ መኪናዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ይህን ያዝዛሉ፤ ለነዚህ 90 መጨመር ማርሹን ያከብደዋል፣ 90 ለሚጠይቅ አሮጌ ካምቢዮ 80 መጨመርም የኩሽኔታ ድምፅ ያጎላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለና መካኒኮች ፓራኦሊዮ የሚሉት የዘይት መከላከያ ጎማው የደረቀ ካምቢዮ ወደ ሲንቴቲክ ሲዛወር ቀድሞ ያልነበረ ማላብ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ሲንቴቲኩን መጥፎ አያደርገውም፤ ጎማው መቀየር እንደነበረበት ያሳያል።

ጂኤል-5፣ ከ75ደብሊው-90 እስከ 85ደብሊው-140

ትልቁ ውዝግብ ያለው እዚህ ነው። ጂኤል-5 ከጂኤል-4 ቁጥሩ ስለሚበልጥ «የተሻለ» ተብሎ ይሸጣል፤ በሞተር ዘይት ላይ አዲሱ ደረጃ በአብዛኛው አሮጌውን ስለሚተካ ሰው ይህን ቢያምን አያስገርምም። በካምቢዮ ዘይት ላይ ግን ቁጥሩ የሥራ ዓይነትን ይገልጻል። ጂኤል-5 የሃይፖይድ ዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ለጥርሶቹ መጠበቂያ የሚጨመርበት የድኝና የፎስፈረስ ውሕድም በጂኤል-4 ካለው በግምት እጥፍ ይሆናል።

በጂኤል-5 ላይ የሚቀርቡት ክሶች ሁለት ሲሆኑ ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንደኛው ድኙ የነሐሱን ቀለበት ይበላል የሚለው ነው። በቀደሙት ዘይቶች ላይ ይህ እውነተኛ ሥጋት ነበር፤ በአሁኖቹ ብዙዎች ውስጥ ግን ቢጫ ብረትን የሚከላከል ውሕድ ስለሚጨመር ጉዳቱ በአንድ ቅያሪ የሚታይ አይደለም። በየቀኑ የሚታየው ሁለተኛው ችግር ነው፤ ዘይቱ ቀለበቱ ሥራውን እስከማይሠራ ድረስ ያንሸራትታል። ጂኤል-5 የተሞላበት ለጂኤል-4 የተሠራ ካምቢዮ ብዙ ጊዜ ሲቀዘቅዝ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ላይ ያስቸግራል፤ አሽከርካሪው በኃይል ሲያስገባው ደግሞ ቀለበቱ ያልቃል።

ይሁን እንጂ ጂኤል-5 በካምቢዮ ውስጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለተሠራው ባለ 5 ማርሽ ኮሮላ የቶዮታ መመሪያ 75ደብሊው-90 እስከሆነ ድረስ ጂኤል-4ም ጂኤል-5ም ይፈቅዳል፤ የሚይዘውም 1.9 ሊትር ነው። የሱባሩ ማኑዋል ካምቢዮ ደግሞ ከፊተኛው ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ጋር አንድ ዘይት ስለሚጋራ ጂኤል-5 ይጠይቃል፤ ለእርሱ ጂኤል-4 መሙላት ዲፈረንሻሉን ማጋለጥ ይሆናል። መመሪያው የፈቀደለት ሰው በዚህ ክርክር መጨነቅ የለበትም።

85ደብሊው-140ን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በሲንክሮናይዘር ካምቢዮ ውስጥ መግባት የለበትም። «ዘይቱ ወፈር ሲል ድምፁ ይጠፋል» የሚለው ምክር ለአጭር ጊዜ ይሠራል፣ ምክንያቱም ወፍራም ዘይት ያለቀውን ኩሽኔታ ጩኸት ይሸፍናል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ካምቢዮው ሲሞቅ ጸጥ ብሎ በማለዳ ግን ማርሹ ከድንጋይ እንደተጣበቀ የሚከብድ ከሆነ ውስጡ ምን እንደተሞላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ጂኤል-4/ጂኤል-5» ተብሎ የሚሸጠው

ሁለቱንም ደረጃ አሟላለሁ የሚል ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንዳንዱ ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ፣ ለቢጫ ብረት የማይጎዳና ለሲንክሮናይዘር የተሞከረ ዘይት ነው። ሌላው ግን «ጂኤል-5 ካሟላ ጂኤል-4 ያንሰዋልን?» በሚል ስሌት ብቻ ሁለቱን ቁጥሮች የለጠፈ ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። መለያው በጀርባው ላይ ያለው ዝርዝር ነው፤ ለማኑዋል ካምቢዮና ለሲንክሮናይዘር ተስማሚ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ የመኪና አምራቾችን የካምቢዮ መለኪያ በስም የሚጠቅስ ከሆነ ሊታመን ይችላል። ስለ አክስልና ስለ ዲፈረንሻል ብቻ የሚያወራ ከሆነ እንደ ጂኤል-5 መቁጠር ይሻላል። ብዙ ዓይነት መኪና ያለው ድርጅት አንድ ዘይት ብቻ ለማከማቸት ሲፈልግ የመጀመሪያው ዓይነት ምቹ ነው፤ አንድ መኪና ላለው ሰው ግን ልዩ ጥቅም አይታየኝም።

የአውቶማቲክ ዘይትና የሞተር ዘይት

«ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል አንባቢ ቢኖርም ሁለቱም በአንዳንድ ማኑዋል ካምቢዮዎች ውስጥ በአምራቹ ትእዛዝ ይሞላሉ። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ዴክስሮን የተባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ ይገባል። የአይሱዙ ትሩፐር ማኑዋል ካምቢዮ 5ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ይጠይቃል። ሆንዳ የራሱን የማኑዋል ካምቢዮ ፈሳሽ ያዝዛል፤ ያ በማይገኝበት ጊዜ 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ለጊዜው እንዲገባ መመሪያዎቹ ይፈቅዳሉ። እንዲህ ባሉ ካምቢዮዎች ውስጥ «የካምቢዮ ዘይት ነው» ተብሎ ወፍራም 80ደብሊው-90 ቢሞላ ማርሹ ይከብዳል። በተቃራኒው 75ደብሊው-90 ለሚጠይቅ መኪና እነዚህን ቀጭን ፈሳሾች መሙላት ማርሹን ለጥቂት ሳምንታት ያለሰልሰዋል፤ ዋጋውን ግን ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ይከፍላሉ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለሲንክሮናይዘር | ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል | በብርድ ማለዳ | በሙቀትና በቁልቁለት | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጂኤል-4 ማዕድናዊ 80ደብሊው-90 | ተስማሚ | አይበቃም | ይከብዳል | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ጂኤል-4 ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90 | በጣም ተስማሚ | አይበቃም | ቀላል | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ |
| ጂኤል-5 75ደብሊው-90 ወይም 80ደብሊው-90 | መመሪያው ከፈቀደ ብቻ | ተስማሚ | እንደ ውፍረቱ | ጥሩ | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ |
| ጂኤል-5 85ደብሊው-140 | አይመከርም | መመሪያው ካዘዘ | በጣም ይከብዳል | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ጂኤል-4/ጂኤል-5 ጥምር | የጀርባ ጽሑፉ ይወስናል | ተስማሚ | እንደ ውፍረቱ | ጥሩ | መካከለኛና ከዚያ በላይ |
| የአውቶማቲክ ፈሳሽ፣ የሞተር ዘይት | አምራቹ ካዘዘ ብቻ | አይሆንም | ቀላል | አምራቹ ካዘዘ በቂ | መካከለኛ |

ለማን የትኛው ይስማማል?

በከተማ ውስጥ ጥቂት የሚነዳ፣ በፊት ጎማ የሚሠራ ትንሽ መኪና ያለው ሰው መመሪያው 90 የሚያዝ ከሆነ ማዕድናዊ ጂኤል-4 80ደብሊው-90 ገዝቶ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ቢያስቀይር በቂ ነው። በዚያው መኪና በየቀኑ ሕዝብ የሚያመላልስ አሽከርካሪ ግን ማርሽ የሚቀይርበት ብዛት ከቤት መኪና ጋር ስለማይወዳደር ሲንቴቲኩን ቢመርጥ በቅያሪ መራዘምም በሲንክሮናይዘር ዕድሜም ገንዘቡን ያገኘዋል።

የሃይሉክስ ወይም የሃይኤስ ባለቤት ሁለት ዕቃ መግዛት አለበት፤ ለካምቢዮው ጂኤል-4 ወይም መመሪያው የሚፈቅደውን፣ ለኋላ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ጂኤል-5። በ4 ጎማ የሚነዳ ከሆነ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ትራንስፈር ኬዝና የፊት ዲፈረንሻሉም የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ገንዘብ ለመቆጠብ የግድ ከሆነ ሲንቴቲኩን ለካምቢዮው፣ ማዕድናዊውን ለዲፈረንሻሉ ማድረግ ከተቃራኒው ይሻላል፤ ማለዳ የሚያስቸግረው ካምቢዮው ነውና። ላዳ ያለው ሰው ብዙ ወጪ የለበትም፤ ባለ 4 ማርሹ 1.35 ሊትር፣ ባለ 5 ማርሹ 1.6 ሊትር፣ የኋላ አክስሉ ደግሞ 1.3 ሊትር ይይዛሉ።

በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ ሙቀት የሚሠራ መኪና ባለቤት «ቆላ ስለሆነ 140 ይሻላል» የሚለውን ምክር ከመቀበሉ በፊት የመመሪያውን የሙቀት ሠንጠረዥ ይመልከት። በአብዛኞቹ ላይ 90 ለቆላም ይበቃል። መንገዱ ላይ ጎርፍ የሚሻገር መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሃ በመተንፈሻው በኩል ሊገባ ስለሚችል ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ርቀቱ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ይቀየራል።

መመሪያው ጨርሶ ላልተገኘለት፣ በፊት ጎማ ለሚነዳና ሲንክሮናይዘር ላለው የጃፓን ወይም የኮሪያ መኪና ወኪል መጠየቅ ካልተቻለ አደጋው የሚያንሰው ምርጫ ጂኤል-4 75ደብሊው-90 ነው። ሆንዳና ሱባሩ ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት ከዚህ አጠቃላይ ምክር ውጭ ናቸው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ችግሩ የዘይት መሆኑን ማረጋገጥም ያስፈልጋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በደንብ የማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ፣ ሲለቀቅ የሚመለስ ጉምጉምታ ወደ ኩሽኔታ ያመለክታል። አንድ ማርሽ ብቻ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ ቀለበቱ ያለቀ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ምንም ዓይነት ዘይትም ሆነ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ ዘይት ላይ የሚጨመር ውሕድ መድኃኒት አይሆንም።

ማን ይቀይረው?

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ትክክለኛውን ዓይነትና መጠን ከመዝገቡ ያወጣል፤ ክፍያው ግን ከፍ ይላል፣ ወረፋውም እንዲሁ። የሰፈር ጋራዥ ርካሽ ነው፤ ዘይቱን ባለመኪናው ራሱ ገዝቶ ከሄደና ቆሞ ካየ ውጤቱ ከወኪሉ ብዙም አያንስም። በቤት መሥራት የሚቻለው ክሪክ ብቻ ሳይሆን መኪናውን በአራቱም በኩል እኩል አንሥቶ የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍና ዘይት መግፊያ መርፌ ወይም ረጅም ቱቦ ላለው ሰው ነው፤ መኪናው ካዘነበለ የዘይቱ መጠን በትክክል አይለካም።

ሥራው በማንም እጅ ቢሠራ አንድ ሕግ አይጣስም፤ ከማፍሰሻው ቡሎን በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታል። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ካለበት መነቃነቅ አይችልም። ዘይቱ ለብ ሲል፣ ከአጭር ጉዞ በኋላ ይፈስሳል፤ በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ጭቃ የላመ የብረት ዱቄት የተለመደ ነው፣ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ነው። ወርቅማ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ከወረደ የነሐሱ ቀለበት እያለቀ መሆኑን ያሳያል። ሮንዴላዎቹ በአዲስ ይተካሉ፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ዘይቱ የሚሞላው ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ተመልሶ መፍሰስ እስኪጀምር ነው፤ ቡሎኖቹም በመመሪያው መጠን ብቻ ይጠብቃሉ፣ የአሉሚኒየም ቤት ጥርስ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ይላጣልና። አሮጌው ዘይት በተገዛበት ዕቃ ተመልሶ ለጋራዡ ማጠራቀሚያ ይሰጣል እንጂ ወደ ቦይ አይፈስም። ከተቀየረ ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ በሁለቱ ቡሎኖች ዙሪያ እርጥበት መኖር አለመኖሩ ታይቶ፣ ካለ መጠኑ እንደገና ይለካል።